በእጀ ጥጥ ስም የተቀዳው ደም

በዚያ ቤት መጸዳጃው አንድ፣ ሰው ደግሞ ሦስት ነው። ለአንድ በር ሦስት ሰው ብዙ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ከሦስቱ አንዱ ጋሼ ሊፍት ባይሆን ኖሮ እኔም እንደዚያው እል ነበር። ጋሼ ሊፍት ጠዋት ገብቶ በሩን ከቀረቀረ፣ የቀረው ሰው ፊቱን በወጥ ቤቱ ቧንቧ ይታጠባል፣ ጥርሱን በረንዳ ላይ ቆሞ ይቦርሻል፣ ፀጉሩን በምድጃው መስታወት እያየ ያበጥራል። የዚያን ዕለት ጠዋትም እንደ ወትሮው ሆነ። የእህቱ ባል እጀ ጥጥ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እግሩ እየቆመ፣ በሩን ያንኳኳ ነበር።

«ጋሼ፣ ትወጣለህ ወይስ ምሳህን እዚያው ላምጣልህ?»

«ቶሎ እወጣለሁ» አለ ጋሼ ከውስጥ። በየቀኑ የሚላት ቃል ናት።

«ትናንትም ቶሎ ልትወጣ ነበር እኮ። ኧረ ሥራ ያለው ሰው አለ እዚህ ቤት!»

የእጀ ጥጥ ሚስት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ከመኝታ ክፍል ወጣችና፣ «ተራ መጠበቅ ጥሩ ነው፤ ማመናጨቅ ደግሞ ጥሩ አይደለም» አለችው። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ለአራት ዓመት ልጆች የምትናገርበት ድምፅ ቤት ስትገባም አይለቃትም። እሱም እንደ አራት ዓመት ልጅ አኩርፎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ጋሼ የእሷ ታላቅ ወንድም ነው፤ በየፎቁ ሊፍት ሲጠግን ኖሮ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ «ቤት እስካገኝ ሁለት ሳምንት» ብሎ መጣ፤ ሁለት ሳምንቷ ይኸው አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሶፋው የእሱ ነው፣ ሪሞቱ የእሱ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱም ጠዋት ጠዋት የእሱ ነው። እጀ ጥጥ አንድ ቀንም ውጣ አላለውም፤ ነገር ግን በቀልድ ያልወጋበት ቀን የለም። በቀልድ የተባለ ነገር አይቆጠርም ብሎ ያምን ነበር።

እጀ ጥጥ የሚለውን ስም ያወጡለት ታካሚዎች ናቸው። በአንድ የግል ላብራቶሪ ደም ይቀዳል፤ እጁ ያላረፈበት የሰፈር ሰው ክንድ አለ ለማለት ይከብዳል። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ አሮጊቷ ሳታማርር፣ ጎረምሳው ሳይፎክር ደሙን ሰጥቶት ይሄዳል። ሌላው ወንበር ባዶ ሆኖ እንኳን የእሱን ወረፋ የሚጠብቅ አለ። «መቼ ነው የምትወጋኝ?» ይሉታል፤ እሱ ጥጡን ደገፍ አድርጎ «አልቋል እኮ እናቴ» ይላል። የእንዲህ ያለ ሰው ጉዱ ምንድን ነው ብትሉ፣ እጀ ጥጥ መርፌ ይፈራል። ሰው ላይ ሲሰካ ሳይሆን እሱ ላይ ሲሰካ ነው ታዲያ። ደግሞ ትንሽ ፍርሃት አይምሰላችሁ፤ በልጅነቱ ክትባት ሲመጣ በክፍሉ መስኮት ዘሎ የጠፋ፣ ማደንዘዣውን ሸሽቶ ጥርሱን እንዲያው በቁሙ ያስነቀለ፣ ሲታመም ሐኪሙን «እባክህ በክኒን ይሁንልኝ» እያለ የሚለምን ሰው ነው። ይህን ሚስቱም አታውቅም። ለራሱ ሲያስበው ግን ይስቃል፤ ዱቄት የሚያስነጥሰው ዳቦ ጋጋሪ ማለት እኔ ነኝ ይላል በሆዱ።

ላብራቶሪው ደግሞ አዲስ ምርመራ ጀምሯል። ካንሰር ገና ሳያምም፣ ባለቤቱም ሳያውቀው፣ ደም ውስጥ የሚጥለውን ምልክት ፈልጎ የሚያገኝ ነው አሉ፤ ደሙ ታሽጎ ሩቅ አገር ወዳለ ትልቅ ላብራቶሪ ይላካል፣ መልሱ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። ዋጋው የዋዛ ስላልሆነ ሰዉ አመነታ። ስለዚህ ላብራቶሪውን የምትመራው ሐኪም አንድ ዘዴ ዘየደች፤ ሠራተኛው በሙሉ በነፃ ይመርመርና ለደንበኛ አፉን ሞልቶ «እኔም አድርጌዋለሁ» ይበል። ከሠራተኛው ደግሞ ሰው የሚያምነው እጀ ጥጥን ነው። ፎቶ አነሡት፣ በነጭ ጋወን ፈገግ እንዳለ ቁመቱን የሚያክል አድርገው አተሙት፣ መግቢያው ላይ ሰቀሉት። ከፎቶው በታች «እኔ ተመርምሬያለሁ። እርስዎስ?» የሚል በትልቁ ተጽፏል። እጀ ጥጥ ጠዋት ሲገባ ያንን ፎቶ ቀና ብሎ አያይም። በስተግራ ያለውን የእሳት ማጥፊያ እያየ ነው የሚያልፈው።

ምክንያቱም አልተመረመረም። የሠራተኛው ተራ የደረሰ ዕለት እርስ በርሳቸው ነበር የተቀዳዱት፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር እጅጌዋን ሰብስባ ተራዋን ጠበቀች። እጀ ጥጥ ግን ተራው ሲደርስ ሳቅ ብሎ፣ «እኔን ከራሴ በቀር ማንም አይወጋኝም፤ ቤቴ ሆኜ ነገ ጠዋት ራሴ እቀዳዋለሁ» አለ። አጨበጨቡለት። ስሙ የተለጠፈባቸውን ሁለት ብልቃጦች በኪሱ ይዞ ሄደ። በማግሥቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ክንዱን በጎማ አሰረ፣ የገዛ ደም ሥሩን አየው። ደም ሥሩም አየው። ላቡ ከግንባሩ ጠብ ጠብ አለ፣ ጆሮው ጮኸ፣ ክፍሉ ዞረበት፤ ጎማውን በጥርሱ ፈትቶ በጀርባው ተዘረረ። ነፍሱ ስትመለስለት ወደ ሳሎን ብቅ ቢል፣ ጋሼ ሊፍት ሶፋው ላይ ተጋድሞ የመኪና እሽቅድምድም ያያል፤ አንድ ክንዱ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ ነገር ሲጎትት የኖረ ሰው ክንድ ነው፤ ደም ሥሩ ጨለማ ውስጥም ቢሆን አይሳትም።

«ጋሼ፣ አዲስ ዓይነት መርፌ መጥቶልን ነበር። አንተ ላይ ልሞክረው?»

«ሞክረው» አለ ጋሼ፣ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። ሁለቱ ብልቃጦች ሞልተው ጥጡ ካረፈበት በኋላ፣ «ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

እጀ ጥጥ ያን ዕለት በራሱ ብልሃት እየተደነቀ ነበር ሥራ የገባው። ማን ተጎዳ? ጋሼ ጤነኛ፣ እኔ ጤነኛ፤ ንጹሕ ወረቀት ይመጣል፣ እሱን ኪሴ እከታለሁ፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል አለ። እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ።

በሩን ባንኳኳበት በዚያ ዕለት ግን ገና ጋወኑን ቆልፎ ሳይጨርስ ሐኪሟ አስጠራችው። ክፍሏ ሲገባ ዐይኑ መጀመሪያ ያረፈው ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የሶፍት ካርቶን ላይ ነው። ካርቶኑ በታካሚው ወንበር በኩል ተጠግቷል። እጀ ጥጥ በላብራቶሪው ረጅም ጊዜ ሠርቷልና፣ ሶፍቱ ወደ ታካሚው ሲጠጋ የሚነገረው ዜና ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል።

«ተቀመጥና ረጋ ብለህ ስማኝ» አለችው። «ያ የደም ምርመራህ መጥቷል። ምልክት ታይቶበታል።»

ተቀመጠ። ሐኪሟ ቀስ ብላ ቀጠለች። ካንሰር ነው ማለት አይደለም አለች፤ ምርመራው ይሳሳታል፣ ምልክት ታይቶባቸው ሲፈለግ ምንም ያልተገኘባቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ችላ የሚባልም አይደለም፤ የሚጠቁመው ወደ ትልቁ አንጀት ስለሆነ በካሜራ መታየት አለበት፣ እሱም ሳይውል ሳያድር። «ሆኖ ቢገኝ እንኳን፣ በጊዜ ከተደረሰበት የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው። ለዚህ አይደል እንዴ የምንመረምረው?» እጀ ጥጥ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማም። ሞቶ ነበር። ተገንዞ፣ ተለቅሶለት፣ ሰዉ ከቀብሩ እየተመለሰ ነበር። ለቀብሩ ያንን የመግቢያውን ፎቶ ይጠቀሙ ይሆን ብሎ አሰበ፤ ፎቶው ላይ ደህና ነው የወጣው፣ ጽሑፉን ብቻ መቁረጥ ነው። ስለ ራሱ ሞት ሆዱ ባባና ሶፍቱን ሳበ። ዐይኑን እየጠረገ ሳለ ነው ድንገት ትዝ ያለው። ያ ደም የኔ አይደለም!

ደስታው ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። ሐኪሟን አቅፎ ሊስማት ምንም አልቀረውም። ሰው እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ ነው፤ ሞቶ መነሣት ማለት ይኸው ነው። ከአንዲት ትንፋሽ ግን አላለፈም። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ «እስቲ ንገረኝ» አለች፤ «ሽንት ቤት ላይ የተለየ ነገር አስተውለሃል? ለረጅም ጊዜ መቀመጥ፣ ማማጥ፣ ደም ማየት? ክብደትስ ቀንሰሃል?»

«ቶሎ እወጣለሁ» የምትለዋ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣች። ባለፈው ሰሞን ጋሼ ቀበቶው ሰፋኝ ብሎ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቶት፣ «በነፃ እየበላ የሚከሳ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም» ብሎ ስቆበት ነበር። ጋሼም አብሮ ሳቀ። በየቀኑ የሰው ደም የሚያይ እሱ፣ ታካሚ ገና ከበሩ ሲገባ በፊቱ «ደም ማነስ አለበት» ብሎ የሚገምት እሱ፣ በአንድ ሶፋ ላይ አብሮት የሚቀመጠውን ሰው አላየውም። አይ እጀ ጥጥ! አለ ራሱን። አይ ባለሙያ!

«አዎ» አለ። «ብዙ መቀመጥ አለ። መክሳትም አለ።»

«ደም?»

«እሱን… አልጠየቅኩም።»

ሐኪሟ ግር ብሏት ቀና አለች፤ ነገሩን ከድንጋጤው ቆጠረችለት። እዚያው ላይ መናገር ነበረበት። «ዶክተር፣ ደሙ የኔ አይደለም» ቢል አለቀ፤ አራት ቃል ነው። አፉን ከፈተ። በክፍሉ መስታወት በኩል የገዛ ፎቶው ጀርባ ይታየዋል፤ ተመርምሬያለሁ ብሎ መንገደኛውን ሁሉ የሚያሳምን ውሸታም። ሥራው ታየው፣ የባልደረቦቹ ሳቅ ታየው፣ መርፌ ፈሪው ደም ቀጂ ተብሎ እስኪያረጅ ሲወራለት ታየው። «እሺ» አለና ተነሥቶ ወጣ። የጋሼን ነፍስ በአንድ በኩል፣ የራሱን ስም በሌላ በኩል አስቀምጦ ስሙን ነው ያነሣው፤ ይህንን በኋላ ማንም ሳይነግረው ራሱ ነው ለራሱ የነገረው።

ሐኪሟ ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ከዚያ ክፍል በሶፍት ዐይኑን እየጠረገ የወጣ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ኮሪደሩ ጋ ደረሰ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ጥላ እጁን ሳመችው። እንግዳ ተቀባይዋ፣ የሚስቱ የልብ ጓደኛ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ለዓመታት ደንበኞቼን ወሰድክብኝ ብሎ ቂም የያዘበት የጎኑ ወንበር ባልደረባው፣ ከምሳ ዕቃው ውስጥ ቤቱ ያሰናዱለትን እንቁላል በዳቦ አውጥቶ «ብላ፣ ሰውነትህ ጉልበት ያስፈልገዋል» ብሎ ሰጠው። እጀ ጥጥ ምን ያድርግ? በላው። ደግሞ ጣፈጠው። እያኘከ፣ እንዲህ የምወደድ ሰው መሆኔን ሳላውቅ ኖሬ ነበር ወይ ብሎ ትንሽ ኮራ። ወዲያው ግን በሌላ ሰው በሽታ የሚታዘንለት፣ በሌላ ሰው ምሳ የሚጠግብ እንደ እሱ ያለ ፍጡር በምድር ላይ ይኖር ይሆን ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሐኪሟ ቤትህ ሄደህ ዕረፍ ስላለችው ከሰዓት በኋላ ወጣ።

አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ዘዴ ሲፈልግ ሄደ። ውሸት ሳይጋለጥ ጋሼ የሚመረመርበት መንገድ መኖር አለበት። ደጋግሞ ካወጣና ካወረደ በኋላ አንድ አገኘ። «ሐኪሟ ቤተሰብህም ይታይ ብላለች» ይላል፤ ጋሼ ይመረመራል፣ ይታከማል፣ ይድናል፤ የእሱ ደግሞ በካሜራ ሲታይ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፣ ምርመራው ተሳስቷል ይባላል፣ ሰዉ ተአምር ነው ይላል። ነገሩ ከውሉ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ሳያስብ በዘዴው ተደሰተ። ያችን የመጀመሪያዋን ብልሃት ሲያፈልቅም እንዲሁ ነበር የተደሰተው፤ ይህ ትዝ ያለው ከአውቶቡሱ ሲወርድ ነው።

ቤቱ ሲገባ ጉድ ጠበቀው። እንግዳ ተቀባይዋ ለሚስቱ ደውላላታለች። ሚስቱ ልጆቹን ለረዳቷ ትታ መጥታለች፤ ዐይኗ አብጧል፤ በሩ ላይ አቅፋ ይዛው የምትናገረው አጣች። የገረመው ግን ሳሎኑ ነው። ሶፋው ላይ የነበሩት የጋሼ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ አንዱም የለም፤ በምትካቸው ንጹሕ አንሶላ ተነጥፏል። የጋሼ ዕቃ በአንዲት ሻንጣና በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ በረንዳው በር ሥር ተቀምጧል። መጸዳጃ ቤቱ ተፈግፍጎ የሳሙናው ሽታ እስከ በሩ ይመጣል። ጋሼ ራሱ እጅጌውን እንደ ሰበሰበ ከወጥ ቤት ወጣ፤ በአንድ እጁ ሾርባ፣ በሌላው ሪሞቱን ይዟል። ሁለቱንም ለእጀ ጥጥ ሰጠው። በአራት ዓመት ውስጥ ሪሞቱ ከእጁ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«እኔ ወለሉ ላይ ይበቃኛል» አለ ጋሼ። «ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጄ ዘንድ ክፍል እጠይቃለሁ። የታመመ ሰው መጸዳጃ ቤት ጠብቅ አይባልም። ጠዋት ጠዋት ሳስቸግርህ…» ብሎ አልጨረሰውም፤ ወደ መስኮቱ ዞረ።

እጀ ጥጥ ሾርባውን እንደ ያዘ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ከጎኑ ሆና ጉልበቱን ታሻሻለች። እንዲህ ዝም ያለ ቤት አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ወይ መኪና ይሽቀዳደማል፣ ወይ እሱ ይቀልዳል። ቢጨንቀው ያችን ዘዴውን አወጣት።

«ሐኪሟ ቤተሰብም መታየት አለበት ብላለች። ጋሼ፣ ነገ አብረን ብንሄድስ? አንተም ትታያለህ።»

«እኔ ደግሞ ምን አገባኝ?» አለ ጋሼ። «በደም አንዛመድ። እኔ የሚስትህ ወንድም ነኝ እንጂ ያንተ አይደለሁ። ያንተ ወገኖች ካሉ እነሱ ይታዩ። ለኔ የሚወጣ ነገር ካለ ላንተ መታከሚያ ይሁን።»

«ጋሼ፣ ለጠቅላላው እንኳን…»

«እኔ ምንም የለብኝም» አለ ጋሼ፤ ቶሎ አለው፣ በጣም ቶሎ። እጀ ጥጥ ታካሚ እንዲህ ሲል ስንት ጊዜ ሰምቷል። ከዚያ ጋሼ ከመስኮቱ ተመልሶ ፊቱ ቁጢጥ አለና ክንዱን እስከ ብብቱ ገልጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለት። «ይልቅ ስማኝ። ኦፕራሲዮን ነገር ከመጣ ደም ማስፈለጉ አይቀርም። ደም ፍለጋ እንዳትንከራተት። የኔን ውሰድ፣ የፈለግከውን ያህል። መንገዱን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ያኔ መርፌ ስትሞክር ቀድተህ የለ?»

ክንዱ እዚያው ጉልበቱ ላይ ነው። ያ እንደ ገመድ የነበረ ደም ሥር አሁንም አለ፤ በዙሪያው የነበረው ሥጋ ግን የለም። እጀ ጥጥ ሾርባውን ማስቀመጫ አጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ማልቀስ ጀመረ፤ ጠዋት ለራሱ ያለቀሰው ዓይነት አልነበረም። እያለቀሰ ተናገረው። መርፌ እንደሚፈራ፣ በክፍሉ መስኮት እንደ ዘለለ፣ ብልቃጦቹን፣ ፎቶውን፣ ከባልደረባው የበላውን ዳቦ ሳይቀር ተናገረ። ለምን ዳቦውን እንደ ጨመረ አያውቅም፤ አፉ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሚያቆመው አላገኘም። «ያ ደም ያንተ ነው ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «የታየው ምልክት ያንተ ነው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ አውቄ ዝም አልኩህ።»

ሚስቱ እጇን ከጉልበቱ ላይ አነሣች። ፊቷ እንደ ኖራ ነጭ ሆነ። ትጮሃለች፣ ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው ይሻለው ነበር። እሷ ግን በዚያ ለአራት ዓመት ልጆች በምትናገርበት ድምፅ፣ ዝቅ አድርጋ፣ «ተነሥ» አለችው። «እዚያ ጥግ ሂድና ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ቁም።»

ሄደ። የተከበረው ደም ቀጂ፣ ፎቶው መንገደኛ የሚያስቆመው ሰው፣ ፍሪጁና ግድግዳው መሀል ገብቶ ፊቱን አዙሮ ቆመ። እዚያ መቆም ሲያንሰው ነው ብሎም አሰበ። ፍሪጁ ብቻ ያጉረመርማል።

«እንግዲያው» አለ የጋሼ ድምፅ ከኋላው፣ «አንተ አልታመምክም ማለት ነው?»

«እኔማ ምንም አልሆንኩም። ጭራሽ አልተመረመርኩም።»

«ተመስገን» አለ ጋሼ።

እጀ ጥጥ ከጥጉ ዞረ። በምፀት ያለው መስሎት ነበር። ጋሼ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከልቡ ነው የሚለው። «ተመስገን። እህቴ ባሏ ደህና ነው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እሷ ብቻዋን ስትቀር እያየኋት ነበር።» ከዚያ ዐይኑን ገለጠ። «የኔንማ መቼ አጣሁት? ደሙን ካየሁ ሰንብቻለሁ። ኪንታሮት ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ቤታችሁን ይዤ፣ ደግሞ በሽታ ጨምሬ ልስጣችሁ እንዴ ብዬ።»

ሚስቱ ያኔ ነው የወንድሟን ራስ ይዛ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያለቀሰችው። እጀ ጥጥ ከጥጉ ሳይወጣ ስልኩን አወጣና ለሐኪሟ ደወለ። ግድግዳውን እያየ ሁሉንም ነገራት። ሥራው ሲሄድ፣ ስሙ ሲሄድ ታየው፤ ይሂድ አለ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» አለች ሐኪሟ። «ቅጣትህን በኋላ እነግርሃለሁ። አሁን ሰውዬውን ነገ በጠዋት ይዘኸው ና፤ በስሙ እንደገና እንቀዳለታለን፣ የካሜራውንም ሐኪም ዛሬውኑ አናግራለሁ። ገና በጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ልቡን አታስቆርጠው። ያንተን ፎቶ ደግሞ አላወርደውም። ነገ እዚያው ፎቶው ሥር አስቀምጬህ ራሴ ነኝ የምቀዳህ።»

ላቡ ወዲያው ጠብ አለ። ጋሼ ስልኩን ከሩቅ ሰምቶ ኖሮ፣ ከእህቱ እቅፍ ራሱን አውጥቶ «እኔ ሌላኛውን እጅህን እይዝልሃለሁ» አለ። «ከወደቅክም ከባድ ነገር ማንሣት ለምጃለሁ።» ሚስቱ በዕንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያውም ተቆጣችና ባሏን «አንተ ገና ነህ፣ እዚያው ቁም» አለችው።

ከዚያ ጋሼ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደና በሩ ላይ ቆመ። እጁ እጀታው ላይ ሆኖ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ከለመደው የተነሣ «ቶሎ እወጣለሁ» አለ።

«አትቸኩል ጋሼ» አለ እጀ ጥጥ ከጥጉ። «ማንም አይጠብቅህም።»

በሩ ተዘጋ። ባልና ሚስት አንዳቸው ሶፋው ላይ፣ አንዳቸው ፍሪጁ ሥር፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ያንን በር ያያሉ። አንዲት ድምፅ ትመጣ ይሆን፣ ያመው ይሆን፣ ደም ያይ ይሆን ብለው ጆሯቸውን አቁመዋል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን እንዲህ አዳምጠውት አያውቁም። ከቆይታ በኋላ ጋሼ ከውስጥ ጮኸ።

«ኧረ በሕግ አምላክ ቴሌቪዥኑን ክፈቱ! እንዲህ ፀጥ ብላችሁ እያዳመጣችሁኝ እንዴት ነው የምችለው?»

እጀ ጥጥ ሚስቱን አያት። እሷም በአገጯ ፈቀደችለት። ከጥጉ ወጥቶ፣ ሪሞቱን ከሶፋው ላይ አነሣና የመኪና እሽቅድምድሙን ፈልጎ ከፈተ። ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገለት።